ደጋን ይዞ መዝፈን

ቼሎ እየተጫወተ የሚዘፍን ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ዛሬ ማታ አቤል ሴላዎኮን ፈልጉት። እ.ኤ.አ. በ1992 የተወለደ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ያደገው ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ ባለችው ሴቦኬንግ ሲሆን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርቱን የተከታተለው እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ነው። በ2022 ዋርነር ክላሲክስ ባሳተመለት አልበም ላይ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲውን የባህን ሥራዎችና የራሱን ዘፈኖች ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ደጋኑ ሳይቆም አፉ ይከፈታል። አንዳንዴ ቼሎው የያዘውን ዜማ አብሮ ያዜማል፣ አንዳንዴ በወፍራም የጉሮሮ ድምፅ ከሥሩ ሆኖ ያጅበዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቼሎውን በአንድ መንገድ ሰድዶ ራሱ በሌላ መንገድ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሳየው ከአድናቆቱ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ተነሣብኝ። ይህ ነገር ለክላሲካል ሙዚቃ አዳራሽ እንደ ብርቅ የሚታይ ከሆነ፣ ለእኛ ለአዲስ አበባ ሳንሱሲ ሰፈር ሰዎች ለምን ብርቅ አልሆነም? በአስኮ አድርጎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በጥርና በሚያዝያ በሚተከሉት የሰርግ ድንኳኖች ውስጥ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ፣ የምናየው ያንኑ ነገር አይደለም? በደጋን የሚጫወት ሰው፣ ያውም ክላሲካል ተጫዋቾች ከሚሠሩት የበለጠ ሥራ በአንድ ጊዜ እየሠራ፣ ይዘፍናል። እኛ ግን ገንዘቡን ግንባሩ ላይ ለጥፈን ወደ ክትፏችን እንመለሳለን። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ያ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ነው፤ ነገሩ ሲገባችሁ እንደ በፊቱ ልታልፉት አትችሉም።

ከድምፁ እንጀምር። ክራር ወይም በገና ስትመቱ ጅማቱ ተነክቶ ይጮኻል፣ ከዚያ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል። ደጋን ግን ሌላ ነው። የደጋኑ ጭራ ሙጫ ተቀብቷል፤ ስለዚህ ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ ክሩ ከተወሰነ በላይ ሲሳብ ያመልጠዋል፣ ወዲያው እንደገና ይይዘዋል። መያዝና ማምለጥ፣ መያዝና ማምለጥ። ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ሲንቋረር የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ሥርዓት አለው። የቼሎ ቀጭኑ ክር ሳይነካ ሲጫወት ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ 220 ጊዜ ይደጋገማል። ሄርማን ሄልምሆልትስ የሚባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት ነገሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በትክክል አጥንቶ አስረድቶታል፤ እንቅስቃሴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አሁን እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ እም... በሉ። የሚንቀጠቀጠው ይሰማችኋል? ከሳንባ የሚወጣው አየር የድምፅ አውታሮቻችሁን ይከፍታቸዋል፣ መልሰው ይዘጋሉ፣ እንደገና ይከፈታሉ። የሴት ልጅ የንግግር ድምፅ በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ፣ የወንድ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ገደማ ይከፈትና ይዘጋል። ስለዚህ ጉሮሮና ደጋን የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ሕግ ነው። አንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሳይቋረጥ የሚገፋ ትንፋሽ ነው፣ ሌላውን ሳይቋረጥ የሚጎትት ክንድ ነው። ሁለቱም ትንፋሹ ወይም ክንዱ እስካለ ድረስ ድምፁን ያረዝማሉ፣ መሃል ላይ ያጎላሉ፣ ያሳሳሉ። ሁለቱም ከሚያወጡት ዋና ድምፅ በላይ የተደራረቡ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ያወጣሉ። ከዚያ የአፍ ጓዳ የጉሮሮውን፣ የእንጨት ሣጥኑ የክሩን ድምፅ እየመረጡ መልክ ይሰጡታል።

የቼሎ አራት ክሮች በሰከንድ 65፣ 98፣ 147 እና 220 ጊዜ ገደማ ወደሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው የሚቃኙት። ከጎልማሳ ወንድ ወፍራም ድምፅ ጀምሮ እስከ ሴት ልጅ ድምፅ ድረስ ያለውን ክልል ይሸፍናል ማለት ነው። «ቼሎ ሰው ይመስላል» ሲባል የምትሰሙት ለዚህ ነው፤ ቅኔ ብቻ አይደለም፣ ቁጥሩም ይመሰክራል። ማሲንቆም እንዲሁ የአዝማሪው ጉሮሮ ባለበት ሠፈር የሚኖር መሣሪያ ነው፤ እንዲያውም መቃኛው የሚጠመዘዘው ለዘፋኙ ድምፅ እስኪመች ድረስ ነው። ቼሎ በአብዛኛው በተለመደ ቁርጥ ልክ ይቃኛል፤ ዘፋኙ ዛሬ ጉንፋን ይዞት እንደሆነ አይጠይቅም። ማሲንቆ ይጠይቃል።

ታዲያ እንዲህ ከተመሳሰሉ አብሮ መሥራቱ ለምን ይከብዳል? ዋናው ችግር የሚመጣው ከመመሳሰላቸው ነው ባይ ነኝ።

ፒያኖ እየተጫወተ የሚዘፍን ሰው ጣቱን ትክክለኛው ቦታ ላይ ካሳረፈ ድምፁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ጆሮው ጉሮሮውን ብቻ ይጠብቃል። ጊታርም ላይ ቦታውን የሚያሳዩ ብረቶች አሉ። ቼሎ ላይ ምንም ምልክት የለም። ጣት በአንዲት የጤፍ ቅንጣት ያህል ስትሸሽ ድምፁም ይሸሻል። ስለዚህ ደጋን ይዞ የሚዘፍን ሰው በየሰከንዱ ሁለት ድምፅ ማረም አለበት፤ አንዱን በጣቱ፣ አንዱን በጉሮሮው። ሁለቱ ደግሞ ስለሚመሳሰሉ በአንዲት ፀጉር ሲለያዩ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ጎልቶ ይወጣል። ጣት ሲሳሳት ጉሮሮ ሊከተለው ይፈልጋል፣ ጉሮሮ ሲዘቀዝቅ ጣት አብሮ ይወርዳል። ማን ይመራል፣ ማን ይከተላል የሚለውን አስቀድሞ የወሰነ ተጫዋች ብቻ ነው የሚያመልጠው።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ደጋን ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ ጫፉ ሲደርስ መዞር አለበት። ትንፋሽም ያልቃል። ብዙ ክላሲካል ተጫዋቾች ከልጅነታቸው ጀምረው ትንፋሻቸውን ከደጋናቸው ጋር ማስማማት ይለምዳሉ። መዝፈን ሲጀምሩ ይህ ልማድ ጠላት ይሆንባቸዋል፤ ምክንያቱም የግጥሙ ስንኝ የሚያልቀው ደጋኑ በሚያልቅበት ቦታ አይደለም። ክንዱን ከሳንባው አላቅቆ ሁለቱን በየራሳቸው መንገድ ማስኬድ ብዙ ዓመት የተለማመደን ሰው እንደ ጀማሪ ያደርገዋል።

ቫዮሊንስ? ቫዮሊን በአገጭ ሥር ይያዛል፤ መንጋጋው ተጭኖ ሳለ አፍ እንደ ልብ አይከፈትም። ዋሽንቱና መለከቱ ይቅሩ፣ አፉን ወስደውታል። በደጋን ከሚሠሩት ውስጥ ደረትን፣ አንገትንና መንጋጋን ነጻ የሚተዉት ታች የሚያዙት ናቸው፤ ቼሎ በጉልበት መካከል፣ ማሲንቆም ሲቀመጡ ጭን ላይ ወይም ጉልበት መካከል፣ ሲቆሙ በማንገቻ ሆድ ላይ። አዝማሪ ቆሞ፣ እየተራመደ፣ ትከሻውን እየነቀነቀ፣ የተጋባዡን ፊት እያነበበ ይጫወታል። ቼሎ በብረት እግሩ ወለል ላይ ተተክሎ የያዘውን ሰው ወንበር ላይ ያስቀረዋል።

ማሲንቆን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ደግሞ የሠራው ሰው ዘፋኝ እንደነበር ትገምታላችሁ። ክሩ አንድ ነው፣ ግን አንድ ፀጉር አይደለም፤ የፈረስ ጭራ ፀጉሮች አንድ ላይ ተሰብስበው የተወጠሩ ናቸው። ደጋኑም የተወጠረው በፈረስ ጭራ ነው። ስለዚህ ጭራ በጭራ ላይ ይሄዳል፤ ድምፁ ላይ የሚሰማችሁ ያ የትንፋሽ የሚመስል ሻካራነት ከዚህ ይመጣል። ቼሎ ላይ ጭራው የሚያርፈው በብረት ወይም ብረት በተጠቀለለበት ክር ላይ ነው፤ የጠራ፣ የለሰለሰ ድምፅ ያወጣል። የማሲንቆው ሣጥን ቆዳ የለበሰ ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ ጣቶቹ ክሩን ከጎኑ ይነኩታል እንጂ አንገቱ እንጨት ላይ አይጫኑትም። ከሥሩ ጠንካራ ነገር ስለሌለ ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲንሸራተት ጉሮሮ እንደሚንሸራተተው ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ የጣቶቹ ቁጥር ነው። ያልተነካው ክር አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ከአመልካች እስከ ትንሿ ጣት አራት ናቸው። አንድና አራት አምስት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። እጅ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቅኝቱ ሙሉውን ጣቶቹ ሥር ተቀምጧል። ተጫዋቹ ቦታ ፍለጋ የሚያጠፋው ሐሳብ የለም ማለት ይቻላል፤ ሐሳቡ ሁሉ ለሌላ ሥራ ተርፎለታል።

ያ ሌላ ሥራ ግጥም ነው። አዝማሪ የሚዘፍነው ተጽፎ የተሰጠውን ብቻ አይደለም። ከተጋባዦቹ አንዱ ድንገት «ተቀበል!» ይለዋል፤ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ወይም ራሱ የሙሽራውን አባት አይቶ፣ ኮቱን አይቶ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አይቶ፣ ሰምና ወርቅ አድርጎ ቤት የሚመታ ነገር እዚያው ይፈጥራል። መቼ ያስበዋል? ማሲንቆው ብቻውን በሚናገርበት ጊዜ ነው። ስንኙን ይጨርስና ደጋኑ ዜማውን መልሶ ይደግመዋል፤ እኛ ያንን እንደ ማስዋቢያ እንሰማዋለን። እሱ ግን በእጁ እየተጫወተ በልቡ የሚቀጥለውን ቤት እየገጠመ ነው። መሣሪያው ጊዜ ይገዛለታል። በዓለም ላይ የታወቁ ዘፋኝ ቼሎ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘፍኑት አስቀድመው ያዘጋጁትን ነው። ሴላዎኮ እንኳ ከብዙዎቹ የበለጠ በመድረክ ላይ እየፈጠረ ቢጫወትም፣ የቆመን ሰው ኮት አይቶ ሁለት ትርጉም ያለው ግጥም ቤት እንዲመታ አድርጎ በሰከንዶች ውስጥ ማውጣት የተለየ ሙያ ነው።

አሸናፊ ከበደ ይህን ጉዳይ ከማንም በፊት በቁም ነገር ከያዙት ምሁራን አንዱ ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት እኚህ የሙዚቃ ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በአንድ ታዋቂ የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ስለ አዝማሪ ባሳተሙት ጥናት አዝማሪውን ባለቅኔም ሙዚቀኛም አድርገው ነው ያቀረቡት። ሁለቱን አለመነጠላቸው ትክክል ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ በርሊን እንሂድ። ከዛሬ 110 ዓመት በላይ በፊት፣ በ1900 ዓ.ም ገደማ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት አውቶሞቢል መንዳትና መጠገን እንዲማር ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደ ጀርመን ተላከ። ተሰማ እሸቴ ነበሩ፤ ኋላ ነጋድራስ። ትውልዳቸው ሸዋ፣ ምንጃር ነው። እዚያው በርሊን ሳሉ ማሲንቆ ይዘው የዘፈኑት በሸክላ ተቀረጸ፤ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለገበያ የተቀረጸበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው። አስቡት፤ የአገራችን የሸክላ ታሪክ የሚጀምረው በባንድ አይደለም፣ በኦርኬስትራ አይደለም፣ ደጋን ይዞ በሚዘፍን አንድ ሰው ነው። ቀረጻው እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች ውስጥ እንደገና ታትሟልና ማንም ሊሰማው ይችላል። እግር ኳስ ለምትወዱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ የእሳቸው ልጅ ናቸው፤ የአባታቸውን ግጥሞች ሰብስበው ያቆዩልንም እሳቸው ናቸው።

በርሊንን ካነሣን አይቀር፣ አጠገቧ ፖትስዳም ውስጥ የሰፈራችንን ስም የያዘ ቤተ መንግሥት አለ። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ሁለተኛ ያሠራው ሳንሱሲ ነው። እሱ ራሱ ዋሽንት ይነፋ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የነገሠው የወንድሙ ልጅ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ሁለተኛ ደግሞ ቼሎ ተጫዋች ነበር። ንጉሡ ቼሎ ስለሚወድ ሞዛርት ቼሎው ጎልቶ የሚዘምርባቸውን ኳርቴቶች ጻፈለት፤ ወጣቱ ቤትሆቨንም እ.ኤ.አ. በ1796 በርሊን ሄዶ ሁለት የቼሎና የፒያኖ ሶናታዎች አበረከተለት። ከዚያ በፊት ቼሎ በአብዛኛው ከሥር ሆኖ ሌላውን የሚያጅብ መሣሪያ ነበር። ዜማውን ተቀብሎ ወደ ፊት እንዲወጣ ከረዱት ሰዎች አንዱ ይህ ንጉሥ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ቼሎው እንዲዘምር ተደረገ እንጂ ቼሎ ተጫዋቹ እንዲዘምር ማንም አልጠየቀውም።

አውሮፓ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። ከዚያ 300 ዓመት ቀደም ብሎ በጣሊያን አገር ሊራ ዳ ብራቾ የሚባል በደጋን የሚጫወቱት መሣሪያ ነበር፤ ይዘውት እዚያው ግጥም እየፈጠሩ ይዘፍኑበት ነበር። ከታወቁት ተጫዋቾቹ አንዱ ማን መሰላችሁ? ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ። ቫሳሪ የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ ሊዮናርዶ ወደ ሚላኖ መስፍን ቤት የሄደው በሊራ ጨዋታው ጭምር ተፈልጎ እንደሆነና ግጥምም እዚያው እየገጠመ ማዜም ይችልበት እንደነበር ይነግረናል። «ተቀበል» ቢሉት የሚቀበል ሰው ነበር ማለት ነው! በባልካን ተራሮች ደግሞ ጉስሌ የሚባል በፈረስ ጭራ የተወጠረ ባለ አንድ ክር መሣሪያ አለ፤ ረጃጅም ታሪክ የሚተርኩ ገጣሚዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ስንኞችን በእሱ እየዘፈኑ አልፈዋል። በአረቡ ዓለም ያለው ራባባም እንዲሁ የገጣሚ መሣሪያ ነው። ከባልካን እስከ ጎንደር አንድ ዓይነት ሰው ነበር፤ ጭራ፣ ደጋንና ግጥም ይዞ የሚዞር።

በአውሮፓ ይህን ሰው ለሁለት የከፈለው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1600 ወዲህ ኦፔራ ሲያድግ ዘፋኙ ወደ መድረክ ወጣ፣ ተጫዋቹ ከመድረኩ ሥር ወደ ኦርኬስትራው ገባ። አንዱ ጉሮሮውን፣ ሌላው ክንዱን ዕድሜ ልኩን ሲያሠለጥን እያንዳንዱ ከዚያ በፊት ያልታየ ከፍታ ላይ ደረሰ፤ የባህ ስድስት የቼሎ ስዊቶች ያለዚህ መከፋፈል አይኖሩም ነበር። የጠፋውን እየፈለጉ መመለስ የጀመሩት በቅርቡ ነው። የላትቪያው ፔቴሪስ ቫስክስ እ.ኤ.አ. በ1978 ለብቻ ቼሎ በጻፈው ሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ተጫዋቹ ራሱ ድምፁን አውጥቶ እንዲዘምር አዘዘ። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሶሊማ በ1998 «ላሜንታሲዮ»ን ሲጽፍ ራሱ ቼሎ ተጫዋች ነውና እየተጫወተ የሚያሰማውን ድምፅ ከሙዚቃው አንድ ክፍል አደረገው። ከክላሲካሉ ግቢ ውጭ ደግሞ አሜሪካዊው አርተር ራስል በ1986 በቼሎና በድምፁ ብቻ ማለት በሚቻል መልኩ አንድ ሙሉ አልበም ሠራ። ለንደን ውስጥ አያና ዊተር ጆንሰን አለች፤ ቼሎዋን አንዴ በደጋን፣ አንዴ በጣት፣ አንዴ ሣጥኑን እንደ ከበሮ እየመታች ትዘፍናለች።

እኛ ዘንድ መመለስ አላስፈለገም፤ ምክንያቱም አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብህ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ ሲመሩት፣ የየአካባቢው መሣሪያዎች አንድ መድረክ ላይ ተገናኙ። እዚያ ከነበሩት የማሲንቆ ሰዎች አንዱ ጌታመሳይ አበበ ናቸው። በሰላም ጓድነት የመጣ ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ከእሳቸው ማሲንቆ ተምሮ በአማርኛ እየዘፈነ ይጫወት ጀመር፤ በ1969 ቡድኑ አሜሪካ ሄዶ ባሳየው ትርኢትም ተሳትፏል። ይህ ታሪክ የሚያስደስተኝ ለአንድ ነገር ማስረጃ ስለሆነ ነው፦ ሙያው በደም ብቻ የሚወረስ አይደለም፣ ጥሩ መምህር ካለ ይማሩታል። በኦሮምኛውም በኩል ለገሠ አብዲን የሰማ ሰው ማሲንቆ የአንድ ቋንቋ ንብረት እንዳልሆነ ያውቃል። በእኛ በኩል፣ ከሳንሱሲ አልፎ ቡራዩ ሲገባ፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም በአንድ ሰርግ ላይ ሲሰሙ ኖረዋል።

አንድ ምኞት አለኝ፤ ቼሎ የምትማር ወይም የሚማር ኢትዮጵያዊ ወጣት ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። ትዝታን እየዘፈናችሁ በቼሎ ለመጫወት ሞክሩ። መጀመሪያ እጃችሁ ይቃወማችኋል፤ የቼሎ ክር ረጅም ስለሆነ ከአንገቱ በኩል አራት ጣቶቻችሁ ተዘርግተው የሚሸፍኑት ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፣ አምስቱን ለማግኘት እጅ መዝለል ወይም ወደ ሌላ ክር መሻገር አለበት። ዘላችሁ ስትሄዱ ጉሮሯችሁ ይደነግጣል። መፍትሔው ከክሩ እኩሌታ ላይ ነው። አውራ ጣታችሁን እዚያ አሳርፉት፤ ባልተነካው ክር ፈንታ እሱ ይቁምላችሁ። ከዚያ በላይ ርቀቱ ስለሚጠብ ሌሎቹ ጣቶች ከአንገቱ በኩል ከሚደርሱት የበለጠ ድምፅ ይሸፍናሉ፣ እጅም ብዙ መዝለል አያስፈልገውም። ሁለተኛውን ክር ምረጡ፤ እኩሌታው በሰከንድ 294 ገደማ ይንቀጠቀጣል፣ ለሴት ልጅ ድምፅ ምቹ ነው፤ ወንዶች ከሥሩ በወፍራሙ ይከተሉት። መጀመሪያ አንድ ስንኝ ዝፈኑ፣ ቀጥሎ ደጋኑ ብቻውን ይድገመው፣ ሁለቱን አብራችሁ የምታስኬዱት ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜ ካገኛችሁ ደግሞ ከአንድ የማሲንቆ ተጫዋች አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ቀኝ ክንዱን ብቻ ተመልከቱ፤ ስንኙ መሃል ላይ ሳለ ደጋኑን የት ላይ እንደሚያዞረው ከእሱ የተሻለ የሚያስተምራችሁ የለም።